ከቤት ውስጥ ሲያዩት ይከፍታል

ሌላዋ ሴት ጣውንቷን በስም ትጠራለች፤ የኔዋ ስምም የላትም። ማጠፊያው የተሰበረ፣ ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ናት። የምትኖረው በኔ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አንሶላ አስቀምጥበት በነበረው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እንዳይሞቃት ብሎ ባሌ የቁም ሳጥኑን በር ነቅሎ አልጋ ሥር ከተተው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ሞቀሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ባሌ ኢንጂነር አይደለም። ሰፈሩ ግን ኢንጂነሩ ይለዋል፤ እሱም ሲሉት አይከለክልም። ሃያ ስድስት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበር፤ ብልቃጥ ሲያጥብ፣ አሲድ ሲቀዳ፣ ተማሪ የሰበረውን ሲመዘግብ ኖሮ ጡረታ ወጣ። የላፕቶፑን ነገር ማንም አላስተማረውም፤ እያነበበ፣ እየነካካ፣ እያበላሸ ነው የተማረው። እኔ ደግሞ የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እሱ ከቁም ሳጥኑ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ቀኑ ይመሻል።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በእህቴ ልጅ ነው። ሚጡ እንላታለን፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሞላትም ለኛ ያው ሚጡ ናት። እኛ ልጅ አልሰጠንም፤ ልጃችን እሷ ናት። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ሰው ይህን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኔ አላደርግም፤ በሽታ እንጂ ስርቆት አይደለም። ክኒኗን ጠዋትና ማታ ከዋጠች ምንም የለባትም። ሁለት ሦስት ቀን ከተቋረጠ ግን ይጥላታል። መከራው ደግሞ ክኒኑን ማግኘቱ ነው፤ ዛሬ እዚህ ፋርማሲ አለ ይባላል፣ ነገ የለም፣ ከነገ ወዲያ በከተማው ሌላ ጥግ ብቅ ይላል። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ስንት ጫማ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስትዞር እንደጨረሰች እሷ ናት የምታውቀው።

ባሌ ይህን እያየ መቀመጥ አላስቻለውም። መጀመሪያ በደብተር ጀመረ፤ ለፋርማሲዎቹ እየደወለ የቱ ጋ ምን እንዳለ ይጽፋል። ቀጥሎ ፋርማሲስቶቹ ራሳቸው በየጠዋቱ መልእክት ይልኩለት ጀመር። ያኔ ነው ላፕቶፗን አምጥቶ ቁም ሳጥኔ ውስጥ የሰካት። ሰው በስልኩ የሚከፍተው አንድ ገጽ ሠራ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ ከጎኑ ያለበት ፋርማሲ፣ አለቀ፣ ገባ፣ በቃ። የሚጡ ክኒን ብቻ አይደለም፤ የስኳሩም፣ የደም ግፊቱም፣ የአስሙም። ያን ገጽ በቀን ሦስት መቶ ሰው ይከፍተው ነበር። ምነው ገጹ ኪራይ ተከፍሎ በድርጅት ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ ስለው፣ «የራሴ እጅ ያልነካው ነገር ሲበላሽ በምን እጠግነዋለሁ?» ይላል። ይኸው ነው ሰውየው።

ሚጡ ክኒኑ ሳይቋረጥባት ሲቀር ሰው ሆነች። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት መምህርት ተደርጋ ተቀጠረች። ዳይሬክተሯ በሽታዋን ታውቃለች፤ «ሁለት ዓመት ሳትወድቂ ከቆየሽ የራስሽን ክፍል እሰጥሻለሁ» አለቻት። ሚጡ ያንን ቃል ይዛ ነው የምታድረው። የክፍሉን ግድግዳ ምን ቀለም እንደምታስቀባው ሳይቀር ወስናለች። ይህን የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ሁለት ዓመቱ ሊሞላ አምስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

አሁን ስለ መስመሩ ላውራ፤ የሁሉ ነገር ጠንቅ እሱ ነው። የኛ ሰፈር ኢንተርኔት እንደ አኩራፊ ምራት ነው፤ ሲፈልግ ያናግርሃል፣ ሲፈልግ ፊቱን ያዞርብሃል። ዝናብ ሲጥል ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ይሄዳል። መብራቱ ሲመጣ እሱ አይመጣም። በዚያ ላይ ኩባንያው ለቤታችን መስመር የሚሰጠው ቁጥር አለ፤ ሰው ከውጭ ገጹን የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ይለውጡታል። ፖስተኛ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ የቤቱ ቁጥር ሌላ ሆኖ ቢጠብቀው ምን ያደርጋል? ተመልሶ ይሄዳላ። ባሌ ለዚህም መላ ፈጠረለት፤ ቁጥሩ ሲለወጥ ላፕቶፗ ራሷ እንድታሳውቅ አደረገ። ይህን ሲጨርስ መስመሩ ምሰሶው ላይ ተበጠሰ።

እሱ ብልሽት ሲፈልግ አንድ አባባል አለው፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል። ከሶኬቱ ይነሳል። ከዚያ የመስመሩን ሳጥን ነቅሎ እስከ ሠላሳ ይቆጥርና መልሶ ይሰካል። ከዚያ ገመዱን በጣቱ እየዳበሰ በመስኮት ይወጣል፣ አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ መጋጠሚያው ላይ ዝናብ እንዳይገባ የጠቀለለውን ፌስታል ይፈታል፣ ያደርቃል፣ ይቋጥራል። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ጎረቤት እያየው «ኢንጂነሩ ዛሬም ተሰቀሉ» ይላል። ኩባንያው ጋ ሲደውል ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ያሰሙትና አንዲት ለስላሳ ድምፅ «አጥፍተው ያብሩት» ትለዋለች።

መስመሩ በጠፋ ቁጥር ደግሞ የሱ ስልክ ይጮኻል። «ጋሼ፣ ገጹ አልከፍት አለኝ፣ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ።» «ጋሼ፣ እናቴ ለአስሟ የምትረጨው አልቆባት፣ የት ልሂድ?» ከደብተሩ እያነበበ ለሁሉም ይመልሳል። ምሳው ይበርዳል። እንዲያው ዕዳ ያለበት ይመስል ይቅርታ ይጠይቃቸዋል። እኔ እበግናለሁ፤ «በነፃ አገልግለህ ይቅርታ ደግሞ ምን አመጣው?» እለዋለሁ። አይሰማኝም።

አንድ ቅዳሜ ከቁም ሳጥኑ ፊቱ በርቶ ወጣ። «ስልክሽን አምጪ» አለኝ። ገጹን አስከፈተኝ። ከዚያ ሄዶ የመስመሩን ገመድ ነቀለው። «አሁን ክፈቺው።» ከፈትኩት፤ ዝርዝሩ እንዳለ አለ።

«ገጹ የከፈተው ሰው ስልክ ላይ እንዲቀመጥ አድርጌዋለሁ» አለ። «ከእንግዲህ መስመሩ ቢሄድም ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። ሲመለስ ራሱ አዲሱን ይወስዳል።»

«ገመዱ ተነቅሎ ከሠራ ለገመዱ ለምን እንከፍላለን?» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት፤ ሞኝ ብሆንም ነገሩን ነክቼው ነበር፣ ግን ማን ያውቃል። ዝርዝሩ የየትኛው ቀን እንደሆነም በትንንሽ ፊደል ከገጹ ግርጌ ጽፎት ነበር። የፋርማሲዎቹ ዝርዝር ስለረዘመ እስከዚያ ድረስ ማንም አይወርድም።

ሳምንት ሳይሞላ የኩባንያው ቴክኒሺያን በራሱ ጊዜ መጣ። ተአምር ነው ያልነው። አሮጌውን ሳጥን ነቅሎ አዲስ ነጭ ሳጥን አስገባ፤ «ሰፈሩ በሙሉ ወደ አዲሱ ተዛውሯል፣ ከእንግዲህ አይቆራረጥም» ብሎ አስፈርሞ ሄደ። እውነትም ፈጠነ። ባሌ አዲሱን ሳጥን ከላፕቶፗ ጋር ሲያስተዋውቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋለ። ከዚያ ስልኩን ይዞ መሞከር ጀመረ። ወጥ ቤት ገብቶ ከፈተው፣ ይከፍታል። ግቢ ወጥቶ ከፈተው፣ ይከፍታል። የውጭው በር ላይ ቆሞ ከፈተው፣ ይከፍታል። «ሠራ» አለኝ። ቁጭ ብሎ ምሳውን በላ።

የኛ ቤት ስህተት እዚህ ጋ ነው፤ ሌላ ሰው ቤት የሚደርስ አይመስለኝም። እኛ ለስልካችን የኢንተርኔት ካርድ ገዝተን አናውቅም። «ቤቱ ውስጥ ምንጭ እያለ ውሃ ከሱቅ ይገዛል?» ይላል ባሌ። ስለዚህ የኔም የሱም ስልክ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከዚያው ከነጩ ሳጥን ነው። ወጥ ቤትም ሆነ የውጭው በር ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ከቤት ውስጥ ነው ያየው። ኩባንያው ደግሞ ሳይነግረን የመንገዱን ቤቶች ሁሉ በአንድ ቁጥር አጭቆን ነበር። ከቤት ወደ ውጭ መውጣት ይቻላል፤ ከውጭ ግን የሚመጣ ሰው የማንን ቤት እንደሚፈልግ አይታወቅም፣ ይመልሱታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግድግዳችን ውጭ ያለ አንድ ሰው እንኳ አዲሱን ገጽ አላየም። ስልኮቻቸው የሚያሳዩአቸው የቆየውን ነበር።

ማንም አልደወለም። ለምን ይደውላል? ገጹ ይከፍትለታል። ባሌ ጠዋት ጠዋት የፋርማሲስቶቹን መልእክት እየተቀበለ፣ ገባ፣ አለቀ፣ እያለ ያስገባል፤ ከቤት ውስጥ ያየዋል፤ ልክ ነው። ስልኩ ዝም ሲል «አየሽ፣ በመጨረሻ ተሳካ» ይለኛል። ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ሆነ። ደስ ብሎት ነበር፤ እንቅልፍ ተኛ፣ ጢሙን ተላጨ፣ አንድ ቀን እንዲያውም የቁም ሳጥኑን በር መልሼ ልግጠምልሽ ወይ አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉት እኛን ነው።

አሁን የማወራው ከበደኝ። ይህን ክፍል ለማንም ሳልናገር ሁለት ወር ተቀምጬበታለሁ።

በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሚጡ ደወለችልኝ። ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪ ተቀብሎ አርባ ሁለት ዩኒፎርም ለሐሙስ አድርሺ ተብያለሁ። መርፌ ቁልፉን በከንፈሬ ነክሼ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ እያወራኋት ነው።

«አክስቴ፣ የጋሼ ገጽ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም፤ እንዲያው ነው። ይሠራል?»

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ገጹን ከፈትኩት። ተከፈተ። «ይከፍታል፣ ይኸው እያየሁት ነው» አልኳት። «ጋሼን ላገናኝሽ?»

«አይ፣ አታስቸግሪያቸው። እሺ አክስቴ፣ በርቺ» ብላ ዘጋችው። እኔም ወደምሰፋው እጅጌ ተመለስኩ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ የሚጡ ገጽ ክኒኑ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ያለው ፋርማሲ አለ ይላል። ሄደች፤ አልቋል አሏት። በማግስቱ ገጹን አየች፤ አሁንም አለ ይላል። ገብቶ ይሆናል ብላ ተመልሳ ሄደች፤ የለም። ያላትን ክኒን ለሁለት እየከፈለች መዋጥ ጀመረች። አጎቷ በሰዓት የሚያስገባውን ነገር ተሳስቷል ብላ ማሰብ ለሷ ነውር ነው። እኔን ጠየቀችኝ፤ ይከፍታል አልኳት። እኔ ይዤው የነበረው ገጽ ላይ ደግሞ፣ አይቼ ባነበው ኖሮ፣ ክኒኑ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጀርባ፣ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ያለ ፋርማሲ ገብቷል ይል ነበር። ባሌ ሰኞ ጠዋት በራሱ እጅ ጽፎታል። አንዲት መስመር ባነብላት ኖሮ።

ሐሙስ ወደቀች።

ያየችው የመዋዕለ ሕፃናቱ ሞግዚት ናት የነገረችን። ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ቁጭ ብለዋል፤ ሚጡ መሃላቸው ቆማ ታሪክ ትነግራለች። ስትወድቅ የትንሿ ጠረጴዛ ጠርዝ ቅንድቧን መታት። ሞግዚቷ ሰው ልትጠራ ሮጠች። ስትመለስ ልጆቹ አላለቀሱም። የመኝታ ሰዓት የደረሰ መስሏቸው በሚጡ ዙሪያ አንድ በአንድ ተኝተዋል። አንዷ ሹራቧን አውልቃ እግሯ ላይ ጣል አድርጋላታለች። ይህን ስሰማ እኔ አልቅሼ አልበቃኝም።

የወሰዷት ክሊኒክ ስንደርስ ቅንድቧ ተሰፍቶ ተኝታለች፤ እህቴ እጇን ይዛለች። ባሌ ገና በሩ ላይ ሆኖ «ክኒኑ አልቆብሽ ነው? እዚያው ከጀርባችሁ እኮ አለ፣ ሰኞ ጽፌዋለሁ» አላት። ሚጡ ስልኳን ሰጠችው። እሱ ገጹን አየ። ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ወደ ታች፣ ወደ ታች እየገፋ ሄዶ ግርጌው ላይ የጻፈውን ትንሽ ቀን አገኘው። አሥር ቀን ያለፈው ነው።

«ይከፍታል እኮ» አለ። ለኛ አይደለም የተናገረው። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ግቢው መሃል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ተከትዬው ወጥቼ ማክሰኞ ደውላልኝ ነበር ልለው አሰብኩ። አላልኩትም። ዞር ስል ሚጡ እያየችኝ ነበር፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ብልሽቱን ለማግኘት አንድ ቀን፣ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ኩባንያው ቢሮ ሄዶ ወንበር ላይ እየዋለ፣ ማመልከቻ እየጻፈ፣ አንዱ ወደ አንዱ እየመራው በመጨረሻ ለቤቱ የራሱን ቁጥር አስመለሰ። ቀኑን ከግርጌ አንስቶ ከገጹ አናት ላይ፣ የመንገድ ታፔላ በሚያህል ፊደል ጻፈው። ከሁለት ቀን በላይ የቆየ ዝርዝር ስልክ ላይ ከሆነ ገጹ በሙሉ ቀይ እንዲሆን አደረገ። ይህ ሁሉ ግን አላሳረፈውም። «ከውጭ የሚያይ ዓይን ያስፈልገኛል» አለ። ለስልካችን ካርድ እንግዛና እኛው እንየው ስለው በራሱ ዓይን አላመነም። ሚጡን በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ገጹን በራሷ ስልክ ከፍታ፣ ደውላ፣ ከላይ ያለውን ቀን እንድታነብለት ለመናት። እሺ አለችው።

ሚጡ ያኔ ቤት ነው የምትውለው። ዳይሬክተሯ «ወላጆች ፈርተዋል፣ እስኪ ትንሽ እንይ» ብላ አሰናብታታለች። የራሷ ክፍል ነገር አፈር በላ። እህቴ ሥራዋን ጥላ ስለማትቀመጥ ልጅቷ ብቻዋን ትውላለች።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠራል። ባሌ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እጁ ላይ ይዞት ነው የሚጠብቀው። ሚጡ ቀኑን ታነብለታለች፤ እሱ «እሺ፣ ተመስገን» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ቁርስ አይቀምስም። ከሳ። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳ። ስለ አወዳደቋ አንድ ቀን እንኳ አንስቶ አያውቅም፤ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ኩባንያው ነው የሚያወራው። ጥፋቱ የሱ ብቻ እንደሆነ ቆርጦ እንደወሰነ ግን አውቃለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክላለሁ። ልናገር አፌን እከፍታለሁ፣ ስለ ሻይ አወራለሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ፤ ድስት ጥጄ የማለቅስ እኔ ነበርኩ፣ ያውም እንባዬን ደብቄ።

እንደዚህ ሆነን አንድ ረቡዕ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ አልጠራም።

አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ባሌ ደወለላት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ሥራ ቦታ ስልክ ስለማትይዝ ዝግ ነው። ባሌ ወደ ቁም ሳጥኑ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ። ላፕቶፗ መብራቷን ታብለጨልጫለች። ሊነካት አልሄደም። ጫማውን ያለ ካልሲ አጠለቀ፤ እኔም የመለኪያ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወልቅ ተከተልኩት። ሁለት ታክሲ ቀየርን። በመንገዱ ሁሉ ደጋግሞ ይደውልላታል። እኔ ውስጤ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ወድቃ እንዳትሆን፣ ብቻዋን ወድቃ እንዳትሆን።

በሩን ራሷ ሚጡ ከፈተችልን። ፀጉሯን ታጥባ ፎጣ ጠምጥማለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል።

«ደህና ነሽ?» አላት፤ ትንፋሽ አጥሮታል።

«ደህና ነኝ ጋሼ። ግቡ።»

«ገጹ አልከፍት አለሽ?»

«አልሞከርኩትም» አለች። «ዛሬ አልደውልም ብዬ ነው የተነሳሁት።»

ባሌ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። እኔ ደሜ ፈላ፤ ልቆጣት ነበር፣ እንዴት ሰው እንዲህ ይደረጋል ልላት ነበር። ፊቷን ሳይ ግን ተውኩት። ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነው።

«ጋሼ» አለችው፣ «ቀኑን ሳነብልዎት ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ትንፋሽዎ ይሰማኛል። ክኒኑን ዋጥሽ ወይ ሊሉኝ ፈልገው ነው። ለምን አይጠይቁኝም? እናቴም እንደዚያው ናት፤ ማታ እየመጣች ክኒኔን በድብቅ ትቆጥራለች። መውደቁን ለምጄዋለሁ፤ ከወደቅኩ በኋላ ሰው ሁሉ እንደ ብርጭቆ ሲይዘኝ ነው ያልቻልኩት። በየጠዋቱ የምደውለው ለገጹ ነው ወይስ አለመሞቴን ለማሳወቅ?»

ባሌ እጁን ያያል፤ አሲድ ያቃጠላቸውን ነጫጭ ነጠብጣቦች።

«እኔ ነኝ የጣልኩሽ» አለ በመጨረሻ። «ገጹ እንዳይቋረጥ ብዬ የሠራሁት ነገር ነው ያታለለሽ። ከውጭ ሳላይ ሠራ አልኩ። የራስሽን ክፍልም የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ። ይህን እየነገርኩሽ መኖር ሲገባኝ ቀን አስነብብሻለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ አላየሁም።

ሚጡ እሱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። አንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ወዲያው ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው መለሰች። ያኔ ገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ለእናቷም፣ ለሱም፣ ለማንም አልተናገረችም። ቅንድቧ ተሰፍቶ፣ ሥራዋን አጥታ፣ እኔን ነበር የሸፈነችው። እኔ አክስቷ ደግሞ ሽፋኑን ደስ ብሎኝ ለብሼው ነበር።

«ማክሰኞ ዕለት ደውላልኝ ነበር» አልኩ።

ባሌ ቀና አለ። «የትኛው ማክሰኞ?»

«ከመውደቋ ሁለት ቀን በፊት። ገጹ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ከፈትኩት፤ ይከፍታል አልኳት። ምን እንደሚል አላነበብኩላትም። ክኒኑ ከጀርባቸው እንዳለ እዚያው ላይ ተጽፎ ነበር።»

«አክስቴ ቸኩላ ነበር» አለች ሚጡ ቶሎ ብላ። «እኔም ምን ይላል ብዬ አልጠየቅኳትም።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ትክ ብሎ አየኝ፣ እንግዳ ሰው እንደሚያይ።

«ሁለት ወር» አለ ቀስ ብሎ። «አጠገቤ ቁጭ ብለሽ።»

ሚጡ ተነስታ ሻይ ጣደች፤ አንዳችንም አልጠጣነውም። ስንወጣ ባሌ ሚጡን ግንባሯ ላይ ሳማትና «ከነገ ጀምሮ አውቶቡስ ተራው ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ ታነብልኛለች። አንቺ ስትፈልጊ ብቻ ደውይ» አላት። «እሺ ጋሼ» አለች። ከዚያ «ክኒኔን ውጫለሁ» አለችው፤ እሱ ሳይጠይቃት።

ባሌ መንገድ ላይ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው የሚሄደው፤ ፌርማታ እስክንደርስ እጄን ባይዘኝም እጅጌዬን ይነካል። ያን ቀን ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ባዶ ተረከዙ ጫማው ውስጥ ሲላላጥ እያየሁ፣ ሳልጠራው፣ ከኋላው ተከተልኩት።